ከግቢ የማይወጣ ውሻ በየዓመቱ መከተብ አለበት?

የጀሞዋ እናት

ሰላም ቤተሰቦች፣ እንዴት ናችሁ? ግራ የገባኝ ነገር ስላለ ልጠይቃችሁ።

ሁለት ውሾች አሉን። ትልቁ መቻል ይባላል፤ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ሐበሻ ውሻ ነው። ትንሿ ገና ሁለት ወሯ ነው፤ ልጆቹ ኩኪ ብለዋታል። መቻል ቡችላ እያለ በደንብ ተከትቧል፣ ካርዱም አለ። ከዚያ በኋላ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አንዴ ተደግሞለታል፤ እሱም ዓመት አልፎታል።

ክሊኒክ ስንደውል «ሁሉንም በየዓመቱ» አሉን። ባለቤቴ «ከበር የማይወጣ ውሻ በሽታ ከየት ያመጣል?» ይላል። ጎረቤቴ አንዴ ከተከተበ ዕድሜ ልኩን ይበቃዋል አለችኝ። አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደግሞ እነሱ ጋ በየሦስት ዓመቱ እንደሆነ ነገረችኝ። የባለቤቴ አባት ጭራሽ «ክትባት ውሻ ያለዝባል፣ ሌባ ሲገባ ዝም ይላል» ብለው ይከራከራሉ።

ወጪው ቀላል አይደለም። ግን ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ፤ ቀኑን ሙሉ መቻል ላይ ተንጠልጥለው ነው የሚውሉት። የትኛው ነው የማይታለፈው? የትኛው ነው ቆይቶ ቢደረግ ችግር የሌለው?

የካሳንችስ ልጅ

እህቴ፣ ብዙ አትጨነቂ። እኛ ቤት ከአያቴ ዘመን ጀምሮ ውሻ ጠፍቶ አያውቅም። አንዳቸውም መርፌ አልነካቸውም። አርጅተው ነው የሞቱት። ሐበሻ ውሻ ጠንካራ ነው፤ ቆሻሻ ላይ አድጎ፣ ብርድ ችሎ የሚኖር ፍጡር ነው። ክትባት የሚያስፈልጋቸው ከውጭ የመጡት ዝርያዎች ናቸው ባይ ነኝ። በየዓመቱ አምጡ የሚሉትም ገበያ ስለሆነ ነው።

ሐኪሙ ከቢሾፍቱ

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የምሠራው በከብት ላይ ስለሆነ ደንበኛ ፍለጋ አይደለም የምጽፈው። ጥያቄው ግን ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የተነገሩሽ መልሶች የተለያዩትም የተለያዩ በሽታዎች በአንድ ቃል «ክትባት» እየተባሉ ስለሚወራ ነው። ስለዚህ እንለያቸው።

መጀመሪያ የእብድ ውሻ በሽታ። ይሄ ከሁሉም ይለያል፤ ምክንያቱም ሰው ይገድላል። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ውሻም ሆነ ሰው አይተርፍም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገምታል። አብዛኛው አፍሪካና እስያ ውስጥ ነው፤ ከመቶ አርባ የሚሆኑት ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ወደ ሰው ከሚተላለፈው ውስጥ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። እኛ አገር በሽታው በየክልሉ አለ። ልጅ ባለበት ቤት በዚህ ክትባት ላይ ድርድር የለም። ኢትዮጵያ ውስጥ በየዓመቱ አስከትቡ እላለሁ።

ሁለተኛው ጥምሩ ክትባት ነው። ለዲስተምፐር (ሳንባና ነርቭ የሚያጠቃ)፣ ለፓርቮ (ደም የተቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣ) እና ለጉበት በሽታው የሚሆኑት ክትባቶች አንድ ላይ የሚሰጡበት ማለት ነው። እዚህ ላይ ወሳኙ የቡችላነት ጊዜ ነው። ቡችላ ሳለ በትክክል የተከተበ ውሻ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ይህንን መርፌ አያስፈልገውም። ዓለም አቀፉ የትናንሽ እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር መመሪያም ከሦስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ አትድገሙ ነው የሚለው። ብዙ ውሻ ከዚያም በላይ ይጠበቃል።

ሦስተኛው ሌፕቶስፓይሮሲስ ነው። ይሄ ባክቴሪያ ነው፤ በአይጥ ሽንት ይተላለፋል፣ ጉበትና ኩላሊት ያበላሻል፣ ሰውም ይይዛል። የዚህ ክትባት ጉልበቱ አጭር ስለሆነ በየዓመቱ ካልተደገመ ዋጋ የለውም። አይጥ የሚበዛበት ግቢ፣ ክፍት ቱቦ ያለበት ሰፈር ከሆናችሁ አድርጉት።

እንግዲህ ክሊኒኩ «በየዓመቱ» ማለቱ ለእብድ ውሻና ለሌፕቶ ትክክል ነው። የአክስትሽ ልጅም ለጥምሩ ትክክል ናት። «አንዴ ከተከተበ ዕድሜ ልኩን» የሚለው ግን ለየትኛውም አይሠራም።

የካሳንችስ ልጅ

ዶክተር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ታዲያ የእኛ ውሾች እንዴት ኖሩ?

ሐኪሙ ከቢሾፍቱ

ወንድሜ፣ አንተ የምታስታውሳቸው የኖሩትን ነው። በእናታቸው ሥር ሳሉ የሞቱትን ማን ይቆጥራቸዋል? አንዲት ውሻ ስድስት ሰባት ወልዳ ሁለት ወይ ሦስት ይደርሳሉ፤ የቀሩትን «ቡችላ ይሞታል» ብለን እናልፋቸዋለን። ከሞቱት ብዙዎቹን የገደለው ፓርቮና ዲስተምፐር ነው። የደረሱት በሽታው አግኝቷቸው የተረፉ ናቸው፣ ስለዚህ ጠንካራ ይመስላሉ። ለእብድ ውሻ በሽታ ግን ጠንካራ የሚባል ዝርያ የለም። ሐበሻ ሆነ ጀርመን ሸፐርድ እኩል ነው።

የአባትየውን ጥያቄም ልመልስ። ክትባት የውሻ ጠባይ አይለውጥም። በተወጋበት ቀንና በማግስቱ ሊተኛ፣ ምግብ ሊቀንስ ይችላል። ከዚያ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ሐይቅ ዳር

ከሀዋሳ ነኝ። «ከበር አይወጣም» ስለሚባለው ነገር የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

ባለፈው ክረምት ከመንገድ ላይ ሻጭ ቡችላ ገዛሁ። «ሙሉ ክትባት ወስዷል» አለኝ። ካርድ ስጠይቀው «ካርዱ ባለቤቱ ጋ ነው» አለ። ቡችላው አንድ ቀን እንኳን ከግቢ አልወጣም። ከሳምንት በኋላ ምግብ እምቢ አለ። በማግስቱ ማስመለስ ጀመረ፤ ማታ ላይ ደም የተቀላቀለ ተቅማጥ መጣ። ሽታው እስካሁን አይረሳኝም፤ የበሰበሰ ብረት የሚመስል ነገር ነበረው። ሐኪም መጥቶ ግሉኮስ ሰቀለለት፣ ሌሊቱን ሙሉ አጠገቡ ነበርን። አልተረፈም።

ሐኪሙ ያስረዳኝ ነገር ሁላችሁንም ይመለከታል። ፓርቮ በጫማ ይገባል። ዘበኛው ሥጋ ቤት ደጃፍ ረግጦ ሲመጣ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ እንግዳ ሲገባ ይዘውት ሊገቡ ይችላሉ። መሬት ላይ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ይቆያል። ሳሙና አይገድለውም። ሲሚንቶውን መጀመሪያ በሳሙና አጥበን፣ ቀጥሎ አንድ እጅ በረኪና በሠላሳ እጅ ውኃ በጥብጠን ደፋንበት፤ አሥር ደቂቃ እርጥብ እንዲቆይ አደረግነው። ሳህኑንና ጨርቁን ጣልን። አፈሩን ግን ምንም ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ በዚያ ዓመት ያልተከተበ ቡችላ አታስገቡ ተባልን።

አሁን ያለችኝ ውሻ ከመምጣቷ በፊት ሙሉ ክትባቷን ጨርሳለች። ካርዷን አይቼ፣ የከተባትን ሐኪም ስልክ ደውዬ ነው የወሰድኳት። ካርድ የሌለውን ውሻ እንዳልተከተበ ቁጠሩት።

የጀሞዋ እናት

ውይ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። አንጀቴን በላሽው። ኩኪን አሁኑኑ ይዤ መሮጥ አማረኝ።

ዶክተር፣ ለኩኪ ስንት ጊዜ ነው? አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ይለኛል፣ ሌላው ሁለት ይበቃል ይላል። መጀመሪያ ለምን ይደጋገማል? አንዱ መርፌ ካልሠራ ሁለተኛው በምን ይሠራል?

ሐኪሙ ከቢሾፍቱ

ይሄ ብዙ ሰው የማይነገረው ቁም ነገር ስለሆነ ትንሽ ላስፋው።

ቡችላ ሲወለድ ከእናቱ እንገር ጋር መከላከያ ይጠጣል። ያ መከላከያ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበሽታ ያድነዋል። ችግሩ፣ ክትባቱንም እንደ በሽታ ቆጥሮ ይገድለዋል። የእናትየው መከላከያ እያለ የተሰጠ መርፌ ባክኖ ይቀራል። መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ አናውቅም፤ በአንዱ ቡችላ በስምንት ሳምንት፣ በሌላው በአሥራ አራት ሳምንት ሊያልቅ ይችላል። ከአንድ እናት የተወለዱ ወንድማማቾች እንኳን ይለያያሉ። ለዚህ ነው በየሦስት አራት ሳምንቱ የምንደጋግመው። ሁለተኛው መርፌ የመጀመሪያውን ለማጠናከር ብቻ አይደለም፤ የመጀመሪያው ባክኖ ከሆነ እንዲተካው ጭምር ነው።

ስለዚህ «ስንት መርፌ ወሰደ?» ከሚለው በላይ «የመጨረሻውን በስንት ዕድሜው ወሰደ?» የሚለው ይበልጣል። የመጨረሻው ከ16 ሳምንት በፊት መሆን የለበትም። ብዙ ሰው ሁለት መርፌ አስወግቶ በአሥራ ሁለት ሳምንት ያቆማል፤ ከዚያ ውሻው ሲታመም «ክትባት አይሠራም» ይባላል።

ለኩኪ እንዲህ አድርጊ። አሁን በስምንት ሳምንቷ ጥምሩን ታግኝ። በአሥራ ሁለት ሳምንቷ ይደገም፣ በአሥራ ስድስት ሳምንቷ ይደገም። የእብድ ውሻውን በሦስት ወሯ፣ ማለትም ከሁለተኛው ጋር አብሮ። ሌፕቶ የምታስከትቢ ከሆነ እሱም ሁለት ጊዜ ነው፣ በሁለትና በአራት ሳምንት መካከል ልዩነት። ከዚያ ስድስት ወር ሲሞላት ወይም ቢዘገይ ዓመቷ ላይ ጥምሩ አንዴ ይደገማል። ከዚያ በኋላ ነው ሦስት ዓመቱ የሚቆጠረው። የእብድ ውሻው በዓመቷ ይደገማል።

እስከ አሥራ ስድስት ሳምንቷ ድረስ ከማታውቁት ውሻ ጋር አታገናኟት፣ ውሻ የሚበዛበት መንገድ ላይ አታስረግጧት። በእቅፍ ይዞ መውጣት ይቻላል፤ ሰውና የመኪና ድምፅ ትልመድ።

መቻል ደግሞ ከዜሮ አይጀምርም። የእብድ ውሻውን አንድ መርፌ ይውሰድ፣ ጥምሩም ሦስት ዓመት ስለሞላው አንድ መርፌ ይበቃዋል።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። ስለ አሜሪካው «በየሦስት ዓመቱ» ትንሽ ላብራራ፤ ወደ አገር ቤት ስንደውል ግማሹን ብቻ እየተናገርን ሰው እናሳስታለን።

እዚህ የእብድ ውሻ ክትባት ሕግ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ አራት ወር የሞላው ውሻ ካልተከተበ ያስቀጣል። ቨርጂኒያም እንደዚሁ። የመጀመሪያው መርፌ የሚያገለግለው ለአንድ ዓመት ነው። በዓመቱ ሲደገም ነው የሦስት ዓመቱ የሚሰጠው። ያም የሚሆነው አምራቹ ለሦስት ዓመት ብሎ ያስመዘገበው መድኃኒት ከሆነ ብቻ ነው። አንዳንድ ክሊኒክ የአንድ ዓመቱን ይሰጣል፤ ያኔ በየዓመቱ ትመለሳለህ።

ሌላም ልዩነት አለ። እዚህ ጎዳና ላይ ባለቤት የሌለው ውሻ አታይም። በሽታው ያለው በሌሊት ወፍ፣ ራኩን በሚባለው የዱር እንስሳና በቀበሮ ላይ ነው። የእኔ ውሻ ከእብድ ውሻ ጋር የመገናኘት ዕድሉ ኢምንት ነው። ለመቻል ግን በር መከፈቱ ብቻ ይበቃል። ስለዚህ የእኛን ቀመር እንዳለ አትውሰዱት።

እዚህ መዥገር ለሚያመጣው፣ «ላይም» ለሚባል በሽታም እናስከትባለን፤ ውሻ ማዋያ ስናስገባ ደግሞ የሳል ክትባት ይጠይቁናል። እነዚህ በኑሯችን የመጡ ናቸው። ለእናንተ የሚያስፈልጉ አይመስለኝም።

እንዲያውም ካርዱ ምን ያህል እንደሚጠቅም ጎረቤቴ ጋ አይቻለሁ። ውሻዋ ከራኩን ጋር ተናክሶ ደም በደም ሆኖ መጣ። የተከተበ ስለነበር ወዲያው ማጠናከሪያ ተሰጠውና ቤቱ ሆኖ 45 ቀን እንዲታይ ተደረገ። ያልተከተበ ቢሆን ኖሮ ምክሩ እንዲገደል ነው፤ እምቢ ካልሽ ለወራት ተለይቶ መዘጋት ነው።

ነርሷ

ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። በሰው በኩል ያለውን እኔ ልጨምር፤ ምክንያቱም እኛ ጋ የሚመጡት በጣም ዘግይተው ነው።

ውሻ ከነከሰ ወይም ቁስል ላይ ከላሰ መጀመሪያ ውኃና ሳሙና። አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ፣ በሚፈስ ውኃ። ሰው «አጠብኩት» ሲል አንዴ ውኃ ማፍሰሱ ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ ረጅም ነው፤ ሰዓት አይታችሁ እጠቡ። ነጭ ሽንኩርት፣ ቡና፣ በርበሬ ቁስል ላይ አታድርጉ። ቀጥሎ በዚያው ቀን ጤና ተቋም። አዲስ አበባ ያለ ሰው ድሮ ጀምሮ «ፓስተር» ነው የሚሄደው። ጉለሌ ያለው የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ማለት ነው፤ ሰፈሩም ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው።

ብዙ ሰው የሚፈራው የድሮውን ሆድ ላይ የሚሰጥ መርፌ ነው። ያ በየቀኑ ስለሚወጋ ሰው ያቋርጠው ነበር። ዘመናዊው ክትባት ክንድ ላይ ነው፣ ቁጥሩም ጥቂት ነው። ግን ቀጠሮውን መጨረስ አለባችሁ።

የነከሰው ውሻ ባለቤቱ የሚታወቅና ጤነኛ የሚመስል ከሆነ አትግደሉት። አስራችሁ ወይም ዘግታችሁ አሥር ቀን ተመልከቱት። ሲናከስ በሽታውን በምራቁ የሚያስተላልፍ ውሻ ከሆነ በእነዚህ አሥር ቀናት ውስጥ ምልክት ያሳያል፣ ይሞታልም። በደህና ካለፈ ለሰውየውም ለሐኪሙም ትልቅ እፎይታ ነው። ውሻው ተገድሎ ከተጣለ ግን ምንም ማወቅ አይቻልም። የሰውየው ሕክምና ደግሞ እስከዚያ አይጠብቅም፤ ሕክምናው ይጀመርና ውሻው ደህና ከሆነ ይቆማል።

የባህል መድኃኒት የሚሰጡ ሰዎች ጋ መሄድ የተለመደ ነው። ጠበልም የሚሄድ አለ። እምነታችሁን አልነካም፤ ጠበሉን ጠጡ፣ ጸልዩ። ክትባቱን ግን አስቀድሙ። በሽታው ከተነከሱ በኋላ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ወር ይደበቃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰው ደህና ስለሚሆን «መድኃኒቱ ሠራ» ይላል። ውኃ ሲጠጣ ጉሮሮው ሲዘጋበት ወደ እኛ ሲመጣ የምናደርግለት የለንም። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ እንደዚህ ሆና መጥታለች። ውሻው የራሳቸው ነበር።

የጀሞዋ እናት

የራሳቸው ነበር የሚለው አስደነገጠኝ።

ነርሷ

አዎ እህቴ። ሰው የሚፈራው የጎዳናውን ውሻ ነው። ልጆች ግን የሚጫወቱት፣ አፉ ውስጥ እጃቸውን የሚከቱት የቤታቸውን ውሻ ነው።

አዲስ ገቢ

እኔም ጥያቄ አለኝ። የምትመጣው ውሻችን በጣም ትንሽ ናት፣ የእጅ ቦርሳ የምታክል። ለእሷ ግማሹ አይበቃም? ደግሞ ቤት ለቤት እየዞረ የሚከትብ ሰው አለ፤ መርፌውን ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው የሚመጣው። ዋጋው ከክሊኒክ ያንሳል። ክትባቱ ራሱ ውሻ ያሳብዳል ሲባልም ሰምቻለሁ።

ሐኪሙ ከቢሾፍቱ

ሦስቱንም ልመልስ።

ግማሽ አይሆንም። ክትባት እንደ ሽሮፕ በኪሎ አይለካም። ለትልቁም ለትንሿም አንድ መጠን ነው። ግማሽ የወሰደች ውሻ እንዳልተከተበች ነው የምትቆጠረው።

የእብድ ውሻ ክትባት ለውሻ በመርፌ የሚሰጠው የሞተ ቫይረስ ነው። በሽታውን ሊያመጣ አይችልም። «ከተከተበ በኋላ አበደ» የሚባለው ውሻ ሲከተብ በሽታው ውስጡ የነበረ ነው፤ መከላከያው እስኪገነባ ደግሞ ወደ አራት ሳምንት ይፈልጋል።

ኪሱ ውስጥ ይዞ የሚመጣውን ግን አታስገቡት። ክትባት ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ውስጥ መቆየት አለበት፣ ከፋብሪካ እስከ ውሻው ቆዳ ድረስ። ሙቀት ያበላሸዋል፣ የበረዶ ቤት ቅዝቃዜም ያበላሸዋል። የተበላሸ ክትባት ደግሞ ሲያዩት ልዩነት የለውም። ውሻውን አይጎዳውም፣ አይጠብቀውምም። እናንተ ካርድ ይዛችሁ ተማምናችሁ ትቀመጣላችሁ፤ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ ስትሄዱ ዓይናችሁን ክፈቱ። መድኃኒቱ ከፍሪጅ ወይም በረዶ ካለው አይስ ቦክስ ሲወጣ ተመልከቱ። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን በምን እንደሚያቆዩት ጠይቁ፤ ጥሩ ክሊኒክ በዚህ ጥያቄ አይቀየምም። ጥምሩ ክትባት ሁለት ብልቃጥ ነው፤ አንደኛው ውስጥ ብልቃጡ ግርጌ ላይ የተጣበቀ ነጭ ደረቅ ነገር አለ፣ ሁለተኛው ውስጥ ፈሳሹ አለ። ፊታችሁ ይደባለቅ። ጠዋት ተደባልቆ በሲሪንጅ የተቀመጠ አትቀበሉ፤ ከተበጠበጠ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት። የማብቂያ ቀኑን አንብቡ። ብልቃጡ ላይ ያለው ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት ተልጦ ካርዱ ላይ ይለጠፍ፣ ቀንና ፊርማ ይኑረው።

የታመመ፣ ትኩሳት ያለው፣ የሚያስመልስ ውሻ አይከተብም፤ ይዳንና ይምጣ። ለቡችላ የትል መድኃኒት ቀድሞ ቢሰጥ ጥሩ ነው። ያረገዘች ከሆነች ለሐኪሙ ንገሩት።

የካሳንችስ ልጅ

እሺ ዶክተር፣ የእብድ ውሻውን ተቀብያለሁ። አሁን የምጠይቀው ከልቤ ነው። ክትባት ሲበዛ ውሻ አይጎዳም? የጓደኛዬ ውሻ ተከትቦ ወጥቶ መኪና ውስጥ ፊቱ አብጦ ዓይኑ ተደፍኖ ነበር። ጥምሩንም በሦስት ዓመቱ በጭፍን ከመውጋት ይልቅ መከላከያ እንዳለው በምርመራ ማየት አይቻልም?

ሐኪሙ ከቢሾፍቱ

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ይሄ ሥጋት መሠረት አለው።

የፊት ማበጥ አለርጂ ነው። ይደርሳል፣ ግን ብዙ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ውሾች የታዩበት ጥናት በሦስት ቀን ውስጥ የሆነ ዓይነት ችግር ያጋጠማቸው ከአሥር ሺህ 38 ገደማ እንደሆኑ አሳይቷል። አብዛኛው ቀላል ነበር። ትንንሽ ዝርያዎችና በአንድ ቀን ብዙ መርፌ የወሰዱት ላይ ይበዛል። ስለዚህ ከመርፌው በኋላ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ክሊኒኩ ደጃፍ ቆዩ። ፊት ካበጠ፣ ካስመለሰ፣ ከወደቀ ወዲያው መልሱት፤ መድኃኒት አለው። የጓደኛህ ውሻ ካርዱ ላይ ይጻፍለት። ቀጣዩ መርፌ ሲሰጥ ሐኪሙ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፣ ክትባቶቹንም በተለያየ ቀን ይሰጣል።

ምርመራው አለ። ለዲስተምፐር፣ ለፓርቮና ለጉበቱ በደም አይቶ መከላከያ ካለ መርፌውን መተው ይቻላል። በብዙ አገር ይደረጋል። እዚህ ግን ምርመራው በቀላሉ አይገኝም፣ ሲገኝም ከክትባቱ ሊወደድ ይችላል። ለሌፕቶ አይሠራም። ለእብድ ውሻም በክትባቱ ፈንታ አያገለግልም።

አላስፈላጊ መርፌ አትውጉ በሚለው እስማማለሁ። በየዓመቱ ጥምሩን ለአዋቂ ውሻ መውጋት ገንዘብ ማባከን ነው። ያንን ገንዘብ ለእብድ ውሻው አውሉት፤ ከተረፈም የጎረቤትን ውሻ አስከትቡበት።

የካሳንችስ ልጅ

ገባኝ። የእኛውን ሳምንት እወስደዋለሁ።

የባሌ ሰው

ከዲንሾ አካባቢ ነኝ። ስለ ጥምሩ ክትባት ስታወሩ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኛ ጋ ውሻ ከከብት ጋር ተራራ ይወጣል። ቀይ ቀበሮም እዚያው ነው፣ አይጥ ያድናል። ይገናኛሉ። በዓለም ላይ ያለው የቀይ ቀበሮ ቁጥር፣ አዋቂዎቹ ብቻ ቢቆጠሩ፣ ከ500 አይበልጥም፤ አብዛኛዎቹ ባሌ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ወብ ሸለቆ ገብቶ እዚያ ከነበሩት ከአራት ሦስት እጁን ጨረሰ። በ2010 እና በ2015 ደግሞ ዲስተምፐር መጣ። ሁሉም ከእኛ ውሻ የወጣ ነው። በጠዋት ሳነቴ ላይ ሬሳ በሬሳ ላይ የተገኘበትን ጊዜ ያዩ ሰዎች አሉ።

ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ጥበቃ የሚሠሩ ሰዎች መንደር ለመንደር እየዞሩ የእረኛውን ውሻ የሚከትቡት። መጀመሪያ ሽማግሌዎች ተጠራጥረው ነበር። አሁን ውሻቸውን በገመድ እየጎተቱ ራሳቸው ያመጣሉ፤ ምክንያቱም የእብድ ውሻ በሽታ ላማቸውንና አህያቸውንም ይገድል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ለቀበሮዎቹም ሥጋ ውስጥ ተደርጎ በአፍ የሚወሰድ ክትባት ይሰጣቸዋል።

ከተማ ያላችሁ ሰዎች ወደ ባሌ ለሽርሽር ስትመጡ ውሻችሁን አታምጡ። ፓርኩም አይፈቅድም።

ሐኪሙ ከቢሾፍቱ

እናመሰግናለን ወንድሜ። አንድ ነገር ልጨምርበት። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የእብድ ውሻ በሽታ መተላለፉን ያቆማል። ውሻ በመርዝ መፍጀት ግን አያቆመውም፤ የሞተውን ቦታ ሌላ ያልተከተበ ውሻ መጥቶ ይይዘዋል። የተከተበው ውሻ በመርዙ ሲሞት ደግሞ የተሠራው ሁሉ ይፈርሳል።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ውሻ ይዞ ወደ አሜሪካ ለመምጣት የሚያስብ ካለ አጭር ማሳሰቢያ። ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕጉ ጠብቋል። ውሻው ስድስት ወር የሞላው መሆን አለበት፣ ማይክሮቺፕ (ከቆዳው ሥር የሚገባ መለያ) ያስፈልገዋል። ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ በብዛት አለባቸው ከሚባሉት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። ስለዚህ እዚያ የተከተበ ውሻ የደም ምርመራ ይጠየቃል፣ የሚገባውም በተፈቀዱ አውሮፕላን ማረፊያዎች ብቻ ነው። ቺፑ ከክትባቱ በፊት ይግባ፤ ክትባቱ ቀድሞ ቺፑ ከተከተለ አይቆጠርላችሁም። ትኬት ከመቁረጣችሁ ወራት ቀድማችሁ ጀምሩ።

የጀሞዋ እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ክሊኒክ ደርሰን መጣን።

ኩኪ የመጀመሪያውን ጥምር ወሰደች። ብልቃጡ ፊታችን ተደባለቀ፣ ተለጣፊው ካርዷ ላይ አለ። አልጮኸችም፤ ትልቁ ልጄ ነው ያለቀሰው። መቻል የእብድ ውሻውንና ጥምሩን ወሰደ። አይጥ ስለምናይ ሌፕቶውንም ጀመርንለት፣ ሁለተኛው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሠላሳ ደቂቃ ደጃፉ ላይ ቆየን፣ ምንም አልሆኑም። «ጥምሩን ሦስት ዓመት ላቆየው» ስላቸው ክሊኒኩ ምንም አልተከራከረኝም። ለባለቤቴ አባት መቻል ማታ እንደጮኸ በስልክ አሰማኋቸው።

የእብድ ውሻው ቀን እንዳይረሳኝ የሚቀጥለውን ከመስቀል ማግስት ጋር አያይዤዋለሁ። ዓለም አቀፉ የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ሴፕቴምበር 28 ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18 ላይ ይውላል። ደመራው ሲበርድ ውሾቹ ይከተባሉ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። ሐኪሙ የእብድ ውሻው ክትባት በአሥር ውሻ ብልቃጥም እንደሚመጣ ነገረኝ። አሥር ውሻ ከተሰበሰበ ራሱ በአይስ ቦክስ ይዞ ሰፈር ይመጣል፣ ዋጋውም ይቀንሳል አለ። ይሄ ደህና ነው ዶክተር?

ሐኪሙ ከቢሾፍቱ

በጣም ደህና ነው፤ የዘመቻ ክትባት የሚሠራው እንደዚያ ነው። ብልቃጡ አንዴ ከተከፈተ በዚያው ቀን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይለቅ፤ ለነገ አይቀመጥም። ለእያንዳንዱ ውሻ አዲስ መርፌ። ውሾቹን በተራ በተራ አምጧቸው፣ በገመድ፣ የሚናከሰው አፉ ይታሰር። ልጆች ከአካባቢው ይራቁ። የዘበኞቹንና ደጃፍ ላይ የሚያድሩትንም አትርሱ፤ ባለቤት ባይኖራቸውም የሚያበላቸው ሰው ሊይዛቸው ይችላል። ቡችላም ቢሆን አይቅር።

የጀሞዋ እናት

እሺ ዶክተር። ከግቢያችን አጠገብ ሥጋ ቤቱ ደጅ የምታድረዋን ቡኒ ውሻ ጨምሮ እስካሁን ሰባት አግኝተናል። ሦስት ይቀረናል። ጀሞ አንድና ሁለት አካባቢ ያላችሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት የሚመቻችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ገመድ የሌለው ሰው ካለ እኔ ጋ ትርፍ አለ።